በዓይኔ ውስጥ የቆመው ዛፍ

የግራ ዓይኔን ያጠፋው በሽታ አይደለም። የሚስቴ ወንድም በላይነህ ነው። በጦር አልወጋኝም፣ በዱላ አልመታኝም። ሐኪም ፊት ቆሞ ከአፌ የወጣውን ቃል ዋጠው። እኔ አንድ ነገር አልሁ፣ እሱ ሌላ ነገር አለ፤ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ወር በጨለማ ተቀመጥሁ። ቀኙን አተረፍሁት፤ ግራው ቀረ። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ዓይኑ መደብዘዝ የጀመረ ሰው ካለ፣ ሕመሙን በሌላ ሰው አፍ እንዳይልክ ብዬ ነው።

ፊደል የቆጠርሁት ከዳንሁ በኋላ፣ በአርባ አምስት ዓመቴ ነው። ጽሑፌ ቢጎረብጥ አትፍረዱ፤ እንደምናገረው ነው የምጽፈው።

አገሬ ከደብረ ኤልያስ ዝቅ ብሎ ነው። አራሽ ነኝ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ፣ አንድ ማታ በሬዎቼን ሳስገባ ቀና ብል ጨረቃ ሦስት ሆና ታየችኝ። አንዷ መካከል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ተለጥፈውባት። ሚስቴን አንጓችን ጠራኋት።

«ስንት ናት?» አልኋት።

«ምኗ?»

«ጨረቃዋ።»

ሽቅብ አየችና «ዛሬ የት ነው የጠጡት?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። የመጨረሻው ሳቃችን ነበር ማለት ይቻላል።

በመኸሩ ጤፉ ላይ ጉም የተኛበት መሰለኝ፤ ጉሙ ግን ፀሐይ ሲሞቅ አይነሣም። ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋኝ። ሰውየው ይመጣል፤ ቁመቱን አያለሁ፣ ጋቢውን አያለሁ፤ ፊቱ ግን የተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ ዓይንም አፍንጫም የለው። እንቁላሉ «እንዴት ዋልህ» ይለኛል። በድምፁ ነው ማንነቱን የማውቀው። ልጄ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ስትመጣ እንኳ ድምፅዋን እስክሰማ ድረስ ሰውነቴ ይሸማቀቅ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቀትር ላይ በፀሐይ ጨርሶ እታወርና፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትንሽ ይገልጥልኝ ነበር። ምክንያቱን ኋላ ሐኪሙ ነገረኝ፤ ሲጨልም የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ብርሃኑ ዓይኔን በሸፈነው ሞራ ዳርና ዳር ሾልኮ ይገባል። መንደርተኛው ግን ይህን ከየት ያውቃል? «ቀን ታውሮ ማታ የሚያይ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ማለት ጀመሩ። እንዲህ የሚያይ ጅብ ነው። በእኛ አገር አንድ ሰው ጅብን መሰለ ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ ልጻፈው አልወድም።

በመጀመሪያ «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ጨምቀው በአፍንጫዬ አደረጉልኝ። ቀጥሎ «መጥፎ ደም ነው» ተባለና በግራና ቀኝ የጆሮ ግንዴ ላይ ዋግምት ተደረገልኝ። ከዚያ አንድ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ከቆላ መጥቶ ሥር ቀጥቅጦ ዓይኔ ውስጥ አንጠበጠበ። ሦስት ቀን እንደ በሬ አገሣሁ። በሦስተኛው ቀን ሲፈልጉት ወንዝ ተሻግሮ ሄዷል፤ በጌ ግን አብራው ሄዳለች። ቀጥሎ ደብተራ መጣ። እጁን ግንባሬ ላይ ጭኖ ብዙ ከደገመ በኋላ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ፤ በሰው ዓይን ላይ ጥላውን የሚጥል መንፈስ ማለቱ ነው። ክታብ ጻፈልኝ፣ በአንገቴ አንጠለጠልሁት። አንድ ወይፈን በዚህ ሄደ።

በመጨረሻ ጠበል ገባሁ፤ ሁለት ሱባኤ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ቅዝቃዜው ራሱ ያሳርፍ ነበር። ግን እዚያ አንድ ነገር ተማርሁ፤ ለጥፋቴም የሆነው እሱ ነው። ጠበል ሥር ሆኖ «እንዲህ ያለ ነገር ይታየኛል» ያለ ሰው፣ ለፈለፈ ይባላል፤ ያደረበት መንፈስ በአፉ ተናገረ ማለት ነው። ሰውየው ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል። ያደረበት ሰው ልጅ ደግሞ ከደህና ቤት ባል አታገኝም። ስለዚህ አጥማቂው «ምን ይታይሃል?» ሲል ብልህ ሰው የሚመልሰው አንድ ነው፤ «ምንም አይታየኝም።» ቢታየውም ባይታየውም። እኔም እንደዚያ አልሁ፤ ያን ጊዜ እውነቴንም ነበር። ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል፤ በላይነህም ያውቃል። ልጄ ጥሩወርቅ ደብረ ኤልያስ ለቄስ ልጅ ታጭታ ነበርና ቤተሰቡ ሁሉ በዚህ ነገር ላይ ዓይኑን እንደ ተከለ ነበር።

በላይነህ በልጅነቱ ከነጋዴ ጋር አስመራ ወርዶ ስድስት ዓመት የቆየ ነው። ጣልያን ሲገባ ቋንቋውን ይዞ መጣና ደብረ ማርቆስ የጣልያን መጋዘን ውስጥ አስተርጓሚ ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን እውነት ነው። «ጋሼ፣ አንድ ዓይን የሚያውቅ ሐኪም መጥቷል፤ እኔ ወስጄ አሳይዎታለሁ» ያለኝ እሱ ነው።

ወደ ጣልያን ሐኪም መሄድ ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሰፈራችን ግማሹ ወንድ ጫካ ነው። ጎረቤቴ ደሴ በአጥሬ ላይ ተደግፎ «ጣልያን ዓይንህን ጠርጎልህ በማን ላይ ልታነጣጥርበት ነው?» አለኝ። «በአንተ» አልሁት። የአጎቴ ልጅ ከአርበኞቹ ጋር ነበርና እሱን አስጠየቅሁ። «ይሂድ» ብሎ ላከ። «እኛስ ጠመንጃውን ከማን ነው የምንወስደው?»

አንጓች በትር አስይዛ እየመራችኝ ሁለት ቀን ሄድን። ሐኪም ቤቱ ግቢው ባሕር ዛፍ የከበበው ነው፤ ቅጠሉ ሲንሿሿ እሰማለሁ። ከጧት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የቆሰለ አስካሪ፣ የጣልያን ጥቁር ወታደር፣ ሲመጣ ሁሉ ይቀድመናል። ከጎኔ አንዲት ሕፃን ትስላለች፤ እናቷ «እሽ፣ እሽ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልነበራትም። ዓይን የሌለው ሰው ሲጠብቅ ቀኑ አይሄድለትም፤ ጥላው ሲዞር አያይማ። አንድ ጊዜ እጄን አንድ ሰው ዘረጋና ቆሎ ሞላበት። ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ቀን የተደረገልኝ ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ስንጠራ በላይነህ ከሥራው መጥቶ ደረሰ፤ አብረን ገባን። አንጓችን ውጭ አስቀሯት። የሐኪሙ ድምፅ ጎርናና ነው፤ ትልቅ ሰው ይመስላል። ሳሙናና ትንባሆ ይሸታል። ዓይኔን ገልጦ አየ፣ አጉረመረመ፣ መስኮቱን አዘጋ። ከዚያ ዓይኔን አስከደነኝ። አንድ ቀዝቃዛ ነገር በቀኝ ዓይኔ ቆብ ላይ፣ በጆሮዬ በኩል ባለው ጥግ ተደገፈ። አውራ ጣት የምታህል ባትሪ ናት። ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ ያደርጋት ጀመር።

በመጀመሪያ ሁሉ ቀይ ሆነ፤ ዝናብ እንደ መታው ቀይ አፈር። ከዚያ ከቀዩ ላይ ዛፍ ወጣ።

ጥቁር ነው። ቅጠል የለውም። እሳት አልፎበት ቆሞ የቀረ ዛፍ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ግንዱ ከጆሮዬ በኩል ይነሣል፤ ቅርንጫፉ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘረጋል፤ ቅርንጫፉ ይከፈላል፣ የተከፈለው ይከፈላል፣ እስከ ፀጉር ድረስ ይቀጥናል። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ካየሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። የልጄን ፊት የማላየው ሰው የእያንዳንዷን ጭራሮ ጫፍ አየሁ። መካከል ላይ ግን አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ዙሪያዋን ይመጣሉ፣ ይደርሳሉ፣ አንዱም አይገባባትም። የሚፈሯት ይመስላል። ሐኪሙ ባትሪዋን ሲያቆም ዛፉ ይጠፋል። ሲያንቀሳቅሳት ዛፉም እየተንቀሳቀሰ ይመለሳል፤ በነፋስ እንደሚወዛወዝ፤ ነፋስ ግን የለም።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ። «ምን ይታይዎታል ይላል» አለ በላይነህ።

እኔም ተናገርሁ። ጠበል ሥር የተማርሁትን ረስቼ ሁሉንም ተናገርሁ። «ዛፍ» አልሁ። «ቅጠል የሌለው ጥቁር ዛፍ። ግንዱ በጆሮዬ በኩል ነው። መካከሉ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ አለች፤ ምንም አይገባባትም።»

በላይነህ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ቃል ብቻ አለ፤ «ኒየንተ።»

ሐኪሙ ወደ ግራ ዓይኔ ዞረ። እዚያም ዛፍ አለ፤ ሌላ ዛፍ፤ ይኼኛው ግንዱ በግራ ጆሮዬ በኩል ነው። ሁለቱ ዛፎች በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቆመው የሚተያዩ መሰለኝ። ይህንንም ተናገርሁ። በላይነህ ቶሎ ብሎ «ኒየንተ» አለ።

ያን ያህል ተናግሬ አንዲት ቃል ብቻ መውጣቷ ያን ጊዜም ገርሞኝ ነበር። የነጭ ቋንቋ አጭር ነው ብዬ አለፍሁት። ሐኪሙ ተነፈሰ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ እጁን ሲታጠብ ውሃው ይሰማል። ጥቂት ተናገረ። በላይነህ «አይሆንም ይላል» አለኝ። «የዓይኑ ጓዳ ሞቷል፤ ሞራውን ብገፈውም ዋጋ የለው፣ ይላል።»

ከግቢው ሲያወጣን አንጓችን ትንሽ አስቀደማትና ጆሮዬ ድረስ ተጠጋ። «ጋሼ፣ ያን የዛፍ ነገር ለማንም አይናገሩ። ለእህቴም ቢሆን። ልጅቷን ያስቡ።» እሺ አልሁት። ፈርቼ ነበርና እሺ አልሁት።

ጥሩወርቅ ያን ዓመት ተዳረች። ሠርጉን በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ እኔና አንጓች ቀረን። እርሻውን ለደሴ የእኩል ሰጠነው። ገበሬ ሆኖ ሌላ ሰው በበሬህ ላይ ሲጮህ ከመደብ ላይ ተቀምጠህ መስማት ምን እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ እሑድ አንጓች ለጸሎት ጧፍ ለኩሳ በጎኔ ስታልፍ ዛፉ ብልጭ አለ። ደብረ ማርቆስ የቀረ መስሎኝ ነበር። ለካ ተከትሎኝ መጥቷል።

ከዚያ ወዲያ ጧፉን ደብቄ መያዝ ጀመርሁ። ቤታችን መስኮት የለው፤ በር ከተዘጋ ቀኑም ጨለማ ነው። አንጓች ውሃ ስትወርድ ጧፉን ከዓይኔ ጎን አድርጌ ወዲያና ወዲህ አደርገዋለሁ። ዛፉ ይመጣል። ሁልጊዜ ያው ዛፍ፣ ያው ቅርንጫፍ፣ አንዲት ጭራሮ እንኳ አልተሰበረችበትም። ወደ ቀኝ ዓይኔ አሳልፈዋለሁ፤ የዚያኛው ይመጣል። ቅንድቤ ተለበለበ፤ አንጓች ሽታው ሲሸታት በግ የተለበለበ መሰላት። ምን እንደምፈራ ልንገራችሁ። ዛፉ ሥር አለው ብዬ ነበር የምፈራው። ግንዱ ከታየ ሥሩ የት ነው የገባው? ከዓይን ወዲያ ያለው አንጎል ነው። ዓይኔን የሚጠጣው እሱ ይሆን እያልሁ ጣቴን በዓይኔ ቆብ ላይ አድርጌ እዳብሳለሁ፤ የሚጎረብጠኝ ነገር እፈልጋለሁ። ክቡን ባዶ ቦታም እፈራ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ከዚያች ቀዳዳ ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ወደ እኔ የሚያይ ይመስለኛል። አንጓች አንድ ቀን ገብታ ጥጉ ላይ ጧፍ እያወዛወዝሁ ብቻዬን ሳወራ አገኘችኝ። ጧፉን ከእጄ ወስዳ አጠፋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ራቅ ብላ መደብ ላይ ተኛች።

በነሐሴ ግራ ዓይኔ ታመመ። እስከዚያ ድረስ ሕመም አልነበረውም። አሁን ግን ጭንቅላቴን በመጥረቢያ የፈለጡት መሰለኝ፤ አስታወከኝ፤ ዓይኔ እንደ ድንጋይ ደደረ። ኋላ እንደ ተነገረኝ፣ ሞራው በጊዜው ካልወጣ ከመጠን በላይ ይበስላል፤ ያብጣል፤ ዓይኑን ከውስጥ ወጥሮ ይገድለዋል። አራት ቀን ተሠቃየሁ። በአምስተኛው ሕመሙ ተወኝ። ጧፍ ለምኜ አስለኮስሁና በግራ በኩል ያዝሁት። ቀይ የለም። ዛፍ የለም። ወዲያና ወዲህ አልሁት፤ እጄን አቃጠለኝ፤ ምንም። ዐሥር ወር ሙሉ የፈራሁት ዛፍ ሲጠፋ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሰው የሞተብኝ ያህል ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ለምን እንደማለቅስም አላውቅም።

እስከ ኅዳር በልቤ ይዤው ቆየሁና ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ውቤ ተናገርሁ። ሁሉንም፤ የባትሪዋን፣ የጧፉን፣ የጠፋውን ዛፍ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ዳዊት ያለ ችግር ያነባል። ሲሰሙ ቆዩና «መብራቱ ሲቆም ይጠፋል?» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«መስቀል ሲያሳዩትስ?»

«አይጠፋም። መብራቱ ከተንቀሳቀሰ ይኖራል።»

«መስቀል የማይፈራ፣ ጧፍ ሲቆም የሚሸሽ ምን ዓይነት ጋኔን ነው?» አሉና «በሩን ዝጊው» አሏት አንጓችን። ጧፉን ለኮሱ። «አያያዙን አሳየኝ።» እጃቸውን ይዤ ከዓይናቸው ጎን አደረግሁላቸው፤ እንዴት እንደሚወዛወዝ አሳየኋቸው። ከዚያ ጸጥ አለ። የጧፉ ቱስታ ብቻ ይሰማል። አንጓች ትንፋሽዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መምሬ «ስመ አብ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምን ሆኑ አባቴ?»

«እኔም ዘንድ አለ» አሉ።

መምሬ ጧፉን ወደ ሌላው ዓይናቸው አሳለፉ። «እዚህም አለ።» ከዚያ አንጓችን ጠሯት። «አልመጣም» አለች። «ነይ አንቺ፤ እኔ ያደረበት ሰው ሆኜ ብቻዬን ወደ መቅደስ ልገባ ነው?» አሏት። መጣች። አየች። ጮኸችና ጧፉን ልትጥለው ደረሰች። ለካ ሦስታችንም ዛፋችንን ይዘን ነው የኖርነው። መምሬ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ልጄ፣ ይህ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ዛፉ ያለበት ዓይን ሕያው ነው፤ የግራህ ሲሞት አብሮት ሞተ» አሉኝ። «ያ ሐኪም ሊያውቅ የፈለገው ይህን አይሆንምን? አንተስ ምን ብለህ መለስህ?»

«ዛፍ አየሁ አልሁ።»

«ታዲያ ለምን ሞቷል አለ?»

ያን ጊዜ ነው ያቺ አንዲት ቃል ወደ ጆሮዬ የተመለሰችው።

በታኅሣሥ ሄድን። በላይነህ ከመንገድ ሠራተኞች ጋር ወደ ደምበጫ ተልኮ ስለ ነበር አልተገናኘንም፤ ተገናኝተን ቢሆን ኖሮ ምን እንዳደርገው እኔ አላውቅም። ሐኪም ቤቱ ቁስል የሚያጥብ ተስፋይ የሚባል የሐማሴን ሰው አለ። አማርኛው ይሰባበራል፤ ግን ይሰማል። በሩ ላይ ይዤው «ኒየንተ ማለት ምንድር ነው?» አልሁት።

«ምንም ማለት» አለ። «የለም፣ ምንም። ለምን?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ቃሉ የወንድሟ ቢሆንም አንጓች እጄን ያዘች፤ ከዚያ እስከ ቀትር አልለቀቀችውም።

ሐኪሙ ባትሪዋን በቀኝ ዓይኔ ላይ ሲያደርግ ዛፉ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስመለከተው አልፈራሁትም። ተስፋይ ያልሁትን አንድም ሳያስቀር ቃል በቃል አስተላለፈ፤ ባዶዋን ቦታ ሳይቀር። ሐኪሙ እጁን አነሣ። መዝገብ ሲገልጥ ወረቀቱ ይንሿሿል። ከዚያ በቁጣ ተናገረ። ተስፋይ «አምና ሁለቴ ምንም ብለሃል ይላል። ተጽፏል። ለምን ዋሸኸኝ ይላል» አለኝ።

«እኔ አልዋሸሁም በለው።»

ነገረው። ሐኪሙ ግራውንም ሞከረ። ጨለማ ነው። ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝና ቀስ እያለ አስረዳኝ፣ ተስፋይም እየተሰባበረ አስተላለፈ። ከዓይን ጓዳ እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳ ቆዳ አለ፤ የሚያየው እሱ ነው። በላዩ ላይ የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። ጥላቸው ዘወትር በቆዳው ላይ አለ፤ ግን ከቦታው ስለማይነቃነቅ ዓይን ለምዶት አያየውም። መብራት በጎን ገብቶ ሲንቀሳቀስ ጥላው ይንቀሳቀሳል፣ ያን ጊዜ ሰው የገዛ ደም ሥሩን ያያል። መካከል ያለችው ባዶ ቦታ ደም ሥር የማይደርስባት፣ ዓይን አጥርቶ የሚያይባት ናት። በሞራ ለተሸፈነ ሰው ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት፣ ዛፉን ካየ ቆዳው ሕያው ነው፣ ሞራው ቢነሣለት ያያል ማለት ስለ ሆነ ነው። ካላየ ግን ለምን ይቆረጣል? ዐሥራ አራት ወር የፈራሁት ነገር የራሴ ደም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቀኙን ሠራልኝ። ዓይኔን የሚያደነዝዝ ጠብታ አደረጉበት፤ ሕመም አልነበረም፤ መሣሪያው ሲነካኝ ግን ይሰማኛል። አንድ ነገር ከዓይኔ ላይ ሲነሣ፣ ድስት ሲከደን ሳይሆን ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ ነገር ተሰማኝ፤ ብርሃን ዘለቀ፤ ወዲያው ሸፈኑት። ስምንት ቀን በጀርባዬ ተኛሁ፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ታስረው፣ ግራና ቀኝ ጭንቅላቴን አሸዋ የተሞላ ከረጢት ይዞት። መሳል የለም፣ ማኘክ የለም። ተስፋይ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰ «አትንቀሳቀስ፣ ድንጋይ ሁን» ይለኛል። ከአጠገቤ የተኛ ሰው ይቃትት ነበር፤ በአምስተኛው ቀን መቃተቱን ተወ፤ ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሲፈታልኝ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ነበር። ግድግዳው ሰማያዊ፣ የተስፋይ እጅ ሰማያዊ። እንዲህ ይሆናል፣ ኋላ ይለቃል አለኝ። ሐኪሙን አየሁት፤ ያ ጎርናና ድምፅ የወጣው ከአንድ ራሰ በራ፣ እጀ ጠባቡ ከሰፋው ትንሽ ሰውዬ ነው። አንጓችን አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። እኔ ሳላይ ነው የሸበተው። እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ሰጡኝ፤ ያለ እሱ ዛሬም አልራመድም። ሐኪሙን አመሰገንሁ። የእሱ ወገኖች የጎረቤቶቼን ቤት አቃጥለዋል፤ እሱ ዓይኔን ሰጠኝ። ሁለቱንም አልክድም፤ አንዱን ለሌላው አላካክስም።

አገሬ እንደ ገባሁ ሽማግሌ አስቀመጥሁ። ዳኝነቱን ጣልያን ቤት አልወሰድሁትም፤ ነገሩ የእኛ ነው። መምሬ ውቤ ነበሩ፣ ደሴ ነበረ፣ ሌላ ሁለት ሰው፤ ከደብረ ኤልያስ ደግሞ የጥሩወርቅን አማት ቄሱን ራሳቸውን አስጠራሁ። አንጓች «እሳቸውን ምን ሊያደርጉ ይጠሯቸዋል? ልጄን ሊያስመልሱብኝ ነው?» ብላ ተማጸነችኝ። ጠራኋቸው።

በላይነህ ከደምበጫ መጣ። ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ለይቅርታ እንደሚገባው። ተጠየቀ፤ አልካደም። «የሐኪሙ ጥያቄ መድኃኒቱ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም» አለ። «እንደ ጠበል ጥያቄ መሰለኝ። ዛፍ ካለ ለፈለፈ ይባላል፣ ልጅቷ ትመለሳለች ብዬ ነው። ለቤታችን ስም ብዬ ነው።»

«ይህን አምንሃለሁ» አልሁት። «ግን ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ምን አለህ?»

ድንጋዩን በማጅራቱ ላይ አመቻቸ።

«ምን አለህ?»

«ምንም ባያይ ነው እንጂ ትንሽ ነገር እንኳ ቢያይ ኖሮ እሠራለት ነበር አለኝ» አለ። ድንጋዩ ከማጅራቱ ሊወርድ ይንሸራተት ነበር፤ ያዘው። «ያን ጊዜ መመለስ አፈርሁ። ውሸቴን በአንድ አፍ እንዴት ልገልብጠው?»

«ከዚያስ ወዲህ?»

«በየወሩ ልናገር እል ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ካሣው ምን ይሁን አሉኝ። ደሴ በሬ ይክፈል አለ። በሬ አልፈልግም አልሁ፤ በሬ አያይልኝም። «ያን ቀን ያልሁትን ቃል አሁን፣ በእኚህ ቄስ ፊት፣ ሳያጎድል ይናገር» አልሁ።

በላይነህ ወደ ቄሱ እያየ ተናገረ። «ዛፍ ይታየኛል አለኝ። ቅጠል የሌለው ጥቁር ዛፍ። ግንዱ በጆሮዬ በኩል ነው አለ።» ቆመ።

«አልጨረስህም» አልሁት።

«መካከሉ ላይ ባዶ ቦታ አለች። ምንም አይገባባትም።»

መምሬ ውቤ ጧፉን በኪሳቸው ይዘው መጥተው ነበር፤ ሊያወጡት ሲሉ ቄሱ በእጃቸው ከለከሏቸው። «አያስፈልግም» አሉ። «ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት። የቤቴ ሰው ናት፤ በዚህ ነገር አልመልሳትም። ይህን ነገር አምና ብትነግሩኝ ኖሮ እጅህን ይዤ እኔው ራሴ ሐኪም ቤት እወስድህ ነበር።» በላይነህ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብሎ ቄሱን አየ። ያን ሁሉ የዋጠው ለአንድ ለማይመጣ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

ድንጋዩን እኔ ራሴ አወረድሁለት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልሁት፤ እንደ ወጉ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ አላልሁትም፤ ሽማግሌዎቹም ልዩነቱን ሰምተው አልጠየቁኝም። አብረን እንበላለን። እህቱን ሊጠይቅ ሲመጣ በሬን አልዘጋበትም። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ግን እሱን አስተርጓሚ አድርጌ አልወስድም። ነገሩ በሽማግሌ ያለቀው የካቲት 16 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው።